ስማቸውን ስንጠራ ሕመማቸውንም እንጥራ

ሰው ወላጁን ወይም ወዳጁን በሞት በተለየ ጊዜ ሁለት ነገር ይቀርለታል፤ አንደኛው ኀዘን፣ ሁለተኛውም መታሰቢያ ነው። ኀዘን ማንም ሳያስተምረው ከልብ የሚመነጭ ነው፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን በማፍሰሱ የሰውን ልጅ ኀዘን አክብሮታል። መታሰቢያ ግን ሥራ ነው፤ ሥራም እንደ መሆኑ መጠን አሳብና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ላንቀላፉት ምእመናን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ እንዲሁም በመንፈቁና በዓመቱ ጸሎትና ምጽዋት እንዲደረግ ሥርዐት የሠራችው መታሰቢያ እንዲሁ በልማድ ብቻ እንዳይቀር ነው።

ይህን ስንጽፍ የቤታችንን ኀዘን በአደባባይ ለማስጣት አይደለም። አባታችን ያረፉት ነቀርሳ፣ ዛሬ በተለምዶ ካንሰር የምንለው ሕመም፣ ኩላሊታቸውን ይዞአቸው ነው። ሕመሙን በመጀመሪያ እርሳቸው ከእኛ ሸሸጉ፤ እኛም መልሰን ከእርሳቸው ሸሸግን፤ በመጨረሻም ሁላችንም ከጎረቤት ሸሸግን። ከዚህ ሦስት ጊዜ ከተደረገ መሸሸግ ያተረፍነው አንዳች ነገር የለም፤ የከሰርነው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሌላው ቤተ ሰብ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ፣ ይህንም እንደ አንድ ምጽዋት ቈጥረን ለአንባቢዎቻችን አቀረብነው።

ልብስ ሰፊው አባታችን

የምንኖረው በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ ሰፈር ነው። የቀደሙት ሰዎች ያለ ሽቦ በአየር ላይ ቃል የሚያስተላልፈውን መሣሪያ የነፋስ ስልክ ይሉት ስለ ነበረ፣ የክፍለ ከተማችን ስም ያን ዘመን እስከ ዛሬ ያሳስበናል። አባታችን በዚሁ ሰፈር 40 ዓመት ያህል በልብስ ሰፊነት ኖረዋል። በእግር የሚረገጥ አንድ አሮጌ መኪና፣ አንድ ትልቅ መቀስ፣ ከአንገታቸውም የማይለይ ሜትር ነበራቸው። በየወሩ በ19 ቀን ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ተሳልመው ሳይመለሱ ሱቃቸውን አይከፍቱም ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ የማንረሳው አንድ ነገር አለ። ለችግረኛ ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ በሰፉ ጊዜ የሱሪውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ይተዉ ነበር። ልጁ ሲያድግ ጫፉ ተፈትቶ ይረዝምለታል፤ እናቲቱም በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ለመግዛት አትጨነቅም። ለዚህም ትርፍ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም፤ ስለ ነገሩም አይናገሩም ነበር። እኛ ራሳችን ይህን ያወቅነው ከዕረፍታቸው በኋላ፣ ሊያስተዛዝኑ ከመጡት እናቶች አፍ ነው።

ይህ ዝምታቸው በበጎ ሥራ ጊዜ ያማረ ነበር፤ በሕመም ጊዜ ግን ጐዳቸው። በ2008 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ አንድ ቀን ሽንታቸው ቀልቶ አዩ። በዚያ ሰሞን ቀይ ሥር ይበሉ ስለ ነበረና ቀይ ሥርም ሽንትን ሊያቀላ ስለሚችል ነገሩን ከምግብ ቈጠሩት። በሁለተኛው ቀን ጠራ፤ ሕመምም አልተሰማቸውም። በጥቅምት ወር ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ቀይ ሥር አልበሉም ነበር። ነገር ግን የሽንትን ነገር በልጆች ፊት ማንሣት ነውር መስሎአቸው፣ ደግሞም እንደ ፊተኛው በራሱ ስለ ተወ፣ ዝም አሉ።

ክሳታቸውንም ከሁላችን በፊት ያወቁት እርሳቸው ነበሩ። የራሳቸውን ሱሪ ወገብ በመስከረም አንድ ጊዜ፣ በኅዳርም ሌላ ጊዜ አጥብበው ሰፍተው ነበር። እናታችን ልብስ ስታጥብ ሁለቱን የስፌት መሥመር አይታ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም ጾም ነው ብለው ነገሩን አሳለፉት። የሰውን ሁሉ ወገብ ሲለኩ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ልክ ሳያውቁ አልቀሩም፤ የሚነግሩት ሰው ግን አጡ። በርግጥ እኛስ ጠይቀናቸው ነበርን? በየዓውደ ዓመቱ ተሰብስበን ስንበላና ስንጠጣ፣ ፊታቸው መጠውለጉን እያየን እርጅና ነው ብለን አለፍን።

ጠጠር ነው አልናቸው

በጥር 2009 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የግራ ጐናቸው ብርቱ ሕመም ተሰማው፤ ሽንታቸውም የረጋ ደም ቀላቀለ። ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። በአልትራሳውንድ መሣሪያ ሲታዩ በግራ ኩላሊታቸው ላይ ትልቅ ዕጢ ተገኘ፤ ቀጥሎ በተደረገው የሲቲ ስካን ምርመራም ሕመሙ ወደ ሳንባቸው መሻገሩ ታወቀ። ሐኪሙ እኛን ለብቻችን ጠርቶ ነገሩን በርኅራኄ አስረዳን።

እኛም በዚያች ሰዓት ያደረግነው፣ በአገራችን ብዙ ቤተ ሰብ የሚያደርገውን ነው። ሐኪሙን ለምነን፣ ለአባታችን የኩላሊት ጠጠር ነው አልናቸው። እውነቱን ቢሰሙ ልባቸው ይሰበራል፣ ቀናቸውም ያጥራል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸውም ጠጠሩ እንዲወጣ ብለው በየቀኑ ብዙ ውኃ ይጠጡ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት፣ ዛሬም አልወጣም፣ ይሉን ነበር። እኛ ፊት ለፊታቸው እንስቃለን፤ ወደ ጓዳ ገብተንም እናለቅሳለን። ሊጠይቁ የሚመጡትን ወዳጆች በደጅ እየተቀበልን ምን እንዲናገሩ እንመክራለን። በዚህ ዐይነት ሦስት ወር ሙሉ በገዛ ቤታችን እንግዶች ሆነን ኖርን።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ አንድ ማታ አባታችን እናታችንንና እኛን ሁላችንን ጠሩን። በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ አያውቅም ብላችሁ ነውን? ጠጠር ሰውን እንዲህ አያከሳም። እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ያመንኋችሁ መስዬ ነበር፤ አሁን ግን ጊዜው አጭር ነውና እውነቱን እንነጋገር። የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» አሉን። እኛ እርሳቸውን ስንጠብቅ እርሳቸው ደግሞ እኛን ሲጠብቁ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን።

ከዚያ በኋላ የቀረላቸው ሁለት ወር ያህል ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያ ሁለት ወራት የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ንስሐቸውን ገቡ፤ ካህናት መጥተው ምሥጢረ ቀንዲል ተፈጸመላቸው፤ ሥጋውንና ደሙንም ተቀበሉ። ከአንድ ወንድማቸው ጋር ስለ አንድ አሮጌ የርስት ነገር ተቀያይመው ስለ ነበረ አስጠርተው ታረቁ። በሱቁ ውስጥ ባለቤቶቹ ያልወሰዱአቸውን ልብሶች አስቈጥረው፣ ከደብተራቸው ስም እያነበቡ ለየቤቱ እንድናደርስ አዘዙን። ስለ ተዝካራቸውም፣ «ስለ እኔ በሬ ልትጥሉ ብላችሁ ዕዳ አትግቡ፤ ቅዳሴ አስቀድሱልኝ፤ ለተራበ አብሉ፤ የቀረውን ለታመመ ስጡ» አሉን። በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ሌሊት፣ ልጆቻቸውና እናታችን በዙሪያቸው ሆነን አረፉ።

እውነቱን ቀድመን ብንነግራቸው ኖሮ ሁለቱ ወር አምስት በሆነላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ማርዘም ባንችልም፣ የዝግጅታቸውን ጊዜ ግን እኛው አሳጠርነው። እስከ ዛሬ ድረስ የሚጸጽተን ይህ ነው።

ስለ ሕመሙ ሊታወቅ የሚገባው

በአገራችን ስለ ኩላሊት ሲነገር ወደ አሳባችን የሚመጣው የኩላሊት መድከም ነው። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሕክምና ፍለጋ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው፣ በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በዚያው አርፈው፣ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማረፉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከዚያም በኋላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሮ ለብዙዎች ተስፋ ሆኖአል። የኩላሊት ነቀርሳ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ኩላሊቱ ሥራውን እየሠራ ሳለ በውስጡ ባዕድ ዕጢ የሚበቅልበት ሕመም ነው።

ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው፤ ከጐድን አጥንት በታች በጀርባ በኩል፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ጭብጥ ያህላል። ሁለቱ በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ የሚጠቅመውን ወደ ሰውነት መልሰው፣ ሁለት ሊትር የማይሞላውን ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ቦታቸው ጥልቅ ስለ ሆነ ዕጢ ቢበቅልባቸው በእጅ ተዳስሶ ቶሎ አይታወቅም። ደም በሽንት፣ የጐን ሕመምና በሆድ የሚዳሰስ ዕብጠት ሦስቱ አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂት ሕሙማን ላይ ብቻ ነው፤ በታዩም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የገፋ ነው። ስለዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ መጠበቅ አይገባም።

አንባቢዎቻችን ከሁሉ ይልቅ እንዲይዙልን የምንፈልገው ይህን ነው፦ ደም በሽንት አንድ ጊዜ እንኳ ቢታይ፣ ሕመምም ባይኖረው፣ በማግሥቱም ቢጠራ፣ ለሐኪም መነገር አለበት። አባታችንን ያታለላቸው መምጣቱ ሳይሆን መጥራቱ ነበር። በሽንት የሚታይ ደም ሁሉ ነቀርሳ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጠጠር፣ የሽንት ቧንቧ ቁስለት፣ በአንዳንድ ቆላ አገርም ቢልሃርዝያ ያመጡታል። እነዚህም ቢሆኑ ሕክምና የሚሹ ናቸውና፣ ፈርቶ ከመቅረት ሄዶ መታየት በሁሉም መንገድ ይጠቅማል። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኵሳት፣ የደም ማነስና ድካምም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን በላይ መወፈርና የደም ግፊት ሕመሙን ከሚያባብሱት ነገሮች ዋናዎቹ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም በዘር ይተላለፋል።

ዕጢው በኩላሊቱ ውስጥ ሳለ ከተገኘ፣ ሐኪሞች የታመመውን ክፍል ወይም ኩላሊቱን በሙሉ በቀዶ ሕክምና ያወጡታል፤ ብዙዎችም በዚህ ይድናሉ። ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራልን? ብሎ የሚፈራ ቢኖር፣ ጉስታቭ ሲሞን የተባለው የጀርመን ሐኪም በሃይደልበርግ ከተማ በ1869 እ.ኤ.አ. የአንዲትን ሴት አንድ ኩላሊት አውጥቶ ሴቲቱ በሕይወት መኖርዋን ይወቅ። ሕመሙ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ከተሻገረ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። የተለመደው የነቀርሳ መድኃኒት ለዚህ ዐይነቱ እምብዛም አይረዳም፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተገኙት አዳዲስ መድኃኒቶች የብዙዎችን ዕድሜ ቢያራዝሙም ዋጋቸው ለድኻ አገር ሰው የከበደ ነው። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ4 መቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በኩላሊት ነቀርሳ መያዛቸው ተመዝግቦአል። ስለዚህ ይህ ሐዘን የአንድ ቤት ወይም የአንድ አገር አይደለም።

ጸሎትና ሕክምና

አንዳንድ ሰዎች ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ ይመስላቸዋል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩንም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየም፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ እንጂ፣ ጸሎት ተሰምቶአልና መድኃኒት አያስፈልግም አላለም። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለው እግዚአብሔር መሆኑ ተጽፎአል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው የሚታወስ ነው። ይህ ምክር ለነቀርሳ ሕሙማንም ይሠራል። አባታችን እስከ መጨረሻው ጸበል ጠጥተዋል፤ እኛም እንደገና ቢሆን አንከለክላቸውም ነበር። የምንመኘው ግን በፍልሰታ ጸበሉን ሲጠጡ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም አይቶአቸው ቢሆን ኖሮ ነው።

መታሰቢያው ምን ይሁን

ወደ ሐዘናችን ቀን እንመለስ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ሕዝቡ ሲያስተዛዝነን፣ ሁሉም፣ በምን አረፉ? ብሎ ጠየቀን። እኛም እንደ ልማዳችን፣ ትንሽ ኩላሊታቸውን አሟቸው ነበር፣ እያልን መለስን። የነቀርሳን ስም ለመጥራት አፈርን፤ ስሙን መጥራት ሕመሙን ወደ ቤት የሚጠራ መሰለን። በሦስተኛው ቀን ግን ከአባታችን እኩዮች አንዱ፣ የዕድሩ አባል የሆኑ ሽማግሌ፣ ከድንኳኑ ጥግ ለብቻችን ጠርተውን፣ «በሽንታቸው ደም ያዩ ነበርን?» ብለው ቀስ ብለው ጠየቁን። ዐይናቸውን ስናይ ጥያቄው ስለ አባታችን ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። እኛ ግን ያን ቀን በግልጥ አልመለስንላቸውም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልያዘንም። አባታችን በዝምታቸው እንደ ተጐዱ እያወቅን፣ የእርሳቸውን ወዳጅ በዚሁ ዝምታ ልናስጐዳ ነውን? በማለዳ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን ሁሉን ነገርናቸው፤ ከልጃቸውም ጋር ወደ ሐኪም ሄዱ። የተገኘባቸው ጠጠር ነበር፤ በእውነት ጠጠር። ታክመው ዳኑ። በአባታችን ላይ በሐሰት የተነገረው ቃል በወዳጃቸው ላይ እውነት ሆኖ ስናየው፣ እያለቀስን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ስለዚህ በ40ኛው ቀን ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ጸሎተ ፍትሐቱም ደርሶ ካበቃ በኋላ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት አባታችን በምን እንዳረፉ፣ ምልክቱም እንዴት እንደ ጀመረ፣ ሳናፍር ተናገርን። በሬ አልጣልንም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን እንጀራና ወጥ አቀረብን፤ ለበሬ ሊወጣ ከነበረው ገንዘብም የምርመራ ዋጋ ላጣ አንድ ሕመምተኛ ከፈልን። አንዳንድ ዘመዶቻችን መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ የአባታችሁን ተዝካር አሳነሳችሁ አሉን። ኋላ ግን የንስሐ አባታችን፣ ተዝካር ለሞተው ነፍስ ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን፣ ድግሱ ግን የሕያዋን መሆኑን በለሆሳስ አስረድተው አስማሙን። በየዓመቱ ይህንኑ እናደርጋለን፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. 7ኛ ዓመታቸውን ያሰብነውም በዚሁ ዐይነት ነው።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። አቶ ወንዱ በቀለ የተባሉ አባት፣ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ በደም ካንሰር ያረፈውን ልጃቸውን ማቲዎስን ለማሰብ፣ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የሚጠራውን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ማኅበሩም ስለ ሕመሙ ሕዝብን በማስተማርና ሕሙማንን በመርዳት ሲሠራ ኖሮአል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ድኾች ምን ያህል እንደሚቸገሩ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለብዙ ዘመን በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ ስንቁን ጨርሶ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ቍጥር የለውም። የአንድ ሕፃን መታሰቢያ ለእንደዚህ ላሉት መጽናኛ ሲሆን፣ እንግዲህ ከድንኳንና ከድግስ የሚበልጥ መታሰቢያ መኖሩ በዚህ ይታወቃል።

ሁሉ ሰው ማኅበር ሊመሠርት አይችልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የሚችለው አለ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት እውነቱን በፍቅርና በትዕግሥት ይነጋገር፤ ሰው ለነፍሱም ለቤቱም የሚዘጋጅበት ጊዜ አይነፈገው። ሐዘንተኛም፣ በምን አረፉ? ተብሎ ሲጠየቅ ሳያፍር ይመልስ፤ በድንኳኑ ጥግ ዝም ብሎ የሚሰማ፣ የሚፈራም ሰው ይኖራልና። ተዝካር የሚያወጣ ቤተ ሰብ ከድግሱ ላይ ጥቂት ቀንሶ ለአንድ ሕመምተኛ መመርመሪያ ወይም መድኃኒት መግዣ ያውል። ልጆችም ወላጆቻቸውን፣ እንዴት ናችሁ? ብለው ብቻ አይለፉ፤ ቀረብ ብለው ይጠይቁ።

አባታችን በድኻ ልጆች ሱሪ ጫፍ አጥፈው የሚተዉት ጨርቅ ዛሬ ያልቃል ተብሎ ሳይሆን ነገ ያስፈልጋል ተብሎ ነበር። የእርሳቸውም መታሰቢያ እንዲህ እንዲሆን እንመኛለን። የሰፈራችን ስም የነፋስ ስልክ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለሞቱት የምንጸልየው ጸሎትም ሽቦ ሳይዘረጋለት ወደ ላይ ይደርሳል ብለን እናምናለን። ለሕያዋን የምንናገረው እውነት ግን ከአፋችን ካልወጣ ለማንም አይደርስም።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በየቤቱ በሕመም ላይ ላሉት ሁሉ ምሕረቱን ያውርድ፤ እኛንም የሞቱብንን ስንዘክር ያሉትን እንዳንረሳ ያድርገን፤ አሜን።